ከብራና እስከ መረብ፤ የትምህርት መሣሪያና የመምህሩ ቦታ በኢትዮጵያ

መግቢያ

ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ የታሪክ መምህር በዐሥራ ሦስተኛው ምእተ ዓመት የተጻፈ የብራና መጽሐፍ ለተማሪዎቹ ለማሳየት ቢመኝ ምኞቱ ከምኞት አያልፍም ነበር። መጽሐፉ ወይ በገዳም ዕቃ ቤት ተቈልፎ ይገኛል፤ ወይም በለንደን፣ በፓሪስና በሮማ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ዛሬ ያው መምህር ኮምፒዩተርና የኢንተርኔት መስመር ካገኘ ብዙ ሺህ የግዕዝ መጻሕፍትን፣ አንዳች ሳይከፍል፣ ገጽ በገጽ ሊገልጥ ይችላል። በሀገራችን የትምህርት ታሪክ ይህን ያህል ሰፊ የሆነ የምንጭ በር ተከፍቶ አያውቅም።

የበሩ መከፈት ግን አንድ ነገር ነው፤ ተማሪው በበሩ መግባቱ ሌላ ነገር ነው። አዲስ መሣሪያ በተገኘ ቁጥር «እንግዲህ ትምህርት ተለወጠ» ሲባል ደጋግመን ሰምተናል። ማተሚያ በገባ ጊዜ ተብሏል፤ ሬዲዮ በገባ ጊዜ ተብሏል፤ ፕላዝማ በየክፍሉ በተሰቀለ ጊዜም ተብሏል። ከእነዚህ መካከል የተባለውን ያደረገው የትኛው ነው? ያላደረገውስ ለምን ሳያደርግ ቀረ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መንገድ መመርመር ነው። ጸሐፊው የደረሰበት መደምደሚያ ባጭሩ የሚከተለው ነው። መሣሪያ በኢትዮጵያ ትምህርትን ያበለጸገው መምህሩ ባለቤት ሆኖ ባዘዘበት ጊዜ ነው፤ መምህሩን ወደ ዳር ገፍቶ በእርሱ ቦታ በተቀመጠ ጊዜ ግን፣ ወጪው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ውጤቱ የሳሳ ሆኗል። ዛሬ በነጻ የተከፈቱት የመረብ ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፩. የኔታና መጽሐፉ

በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ብርቅ ነበር። ለአንድ ዳዊት ብዙ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ መፋቅና መዳመጥ አለበት፤ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ብርዑ ተቀርጾ፣ ጸሐፊው ወራት መቀመጥ አለበት። በዚህም ምክንያት በንባብ ቤት፣ በዜማ ቤት፣ በቅኔ ቤትና በመጽሐፍ ቤት ዋናው ቤተ መጻሕፍት የመምህሩ አእምሮ ነበር። የቆሎ ተማሪ ከጎንደር ጎጃም፣ ከጎጃም ወሎ የሚንከራተተው መጽሐፍ ፍለጋ ብቻ አልነበረም። መጽሐፉን በቃሉ የያዘውን ሰው ፍለጋም ነበር።

ይህን ሥርዓት «ሽምደዳ ብቻ ነው» ብሎ መንቀፍ በዘመናውያን ምሁራን ዘንድ የተለመደ ነው። ነቀፌታው ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። አንደኛ፣ በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ተቀብሎ ብቻ አያድርም፤ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ያቀርባል፤ ይታረማል፤ ይመለሳል። ከፍ ያለው ተማሪም ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ሁለተኛ፣ በመጽሐፍ ቤት አንድ ንባብ አንድ ፍቺ ብቻ አይሰጠውም። «አንድም» እየተባለ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ፍቺ ይደረደራል። ተማሪው ተፎካካሪ የሆኑ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መያዝን ይማራል።

እንግዲህ የጎደለው የመጽሐፍ ብዛት እንጂ የማሰብ ሥርዓት አልነበረም። ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

፪. ከስደተኛው ማተሚያ እስከ ፕላዝማ

በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ በ1513 በሮማ ዮሐንስ ፖትከን በተባለ ጀርመናዊ ካህን ጥረት ወጣ። ከ35 ዓመት በኋላ፣ በ1548 እና በ1549፣ ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ እዚያው ሮማ ታተመ። ይህን ያሳተሙት በግራኝ ጦርነት ዘመን ከሀገራቸው የወጡት፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ገዳም የኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው። አባ ተስፋ ጽዮን ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ምክንያታቸውም አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አለመቻላቸው፣ እርሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ደግሞ የኅትመትን ሥራ አለማወቃቸው ነው።

አንባቢ ይህን ልብ እንዲል ያስፈልጋል። የዘመኑን አዲስ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ጽሑፍ በመጠቀም ረገድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ስደተኛ ምሁር ነበሩ። መጽሐፉ ግን ከአውሮፓ ሊቃውንት ጠረጴዛ አልፎ በሀገር ቤት የነበረውን የየኔታን ትምህርት ሊለውጥ አልቻለም። መሣሪያው በአንድ አገር፣ መምህሩ በሌላ አገር ነበሩ። በመካከላቸው ደግሞ ባሕርና ጦርነት ነበር።

በሀገር ቤት ማተሚያና ዘመናዊ ትምህርት አብረው ሥር የያዙት በሃያኛው ምእተ ዓመት ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ተከፈተ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1921 ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1925 «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መውጣት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በስማቸው የተጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከ1941 ነጻነት በኋላ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ በአማርኛ የጻፏቸው የታሪክ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ ተሠራጩ። አንድ የገጠር መምህር፣ ከየኔታ በተለየ ሁኔታ፣ ሃያና ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሞ ሁሉም አንድ ገጽ እንዲገልጡ ማዘዝ ቻለ። መጽሐፉን የሚያዝዘው እርሱ ነበርና፣ የት ላይ መቆም፣ የት ላይ መድገም፣ የት ላይ ማለፍ እንዳለበት የሚወስነውም እርሱ ነበር።

ሬዲዮ በተከታዮቹ ዐሥርት ዓመታት መጣ። በትምህርት በሬዲዮ ሥርዓት መምህሩ አስቀድሞ የስርጭቱን መምሪያ ይቀበላል፤ ተማሪዎቹን ያዘጋጃል፤ ከስርጭቱ በኋላም ያልገባቸውን ያብራራል። ድምፁ በደካማ ባትሪ ቢቈራረጥም፣ ትምህርቱ በመምህሩ ተጀምሮ በመምህሩ የሚፈጸም ነበር።

ፕላዝማ ግን ሌላ መንገድ ተከተለ። ከ2004 ጀምሮ መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትልልቅ ቴሌቪዥኖችን ሰቅሎ በሳተላይት ትምህርት ማሰራጨት ጀመረ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው የቴሌቪዥኑ አስተማሪ ሲሆን፣ ለክፍሉ መምህር የሚተርፈው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ስርጭቱ ለመላው ሀገር በአንድ ሰዓት የሚወርድ በመሆኑ ማቆምም ሆነ መመለስ አይቻልም። ተማሪው እጁን ቢያወጣ የቴሌቪዥኑ አስተማሪ አያየውም፤ መብራት ቢጠፋ የዕለቱ ትምህርት ጠፋ ማለት ነው። መምህራን ደጋግመው ያሰሙት ቅሬታም ይኸው ነበር፤ ፍጥነቱ አይያዝም፣ ቋንቋው አይገባም፣ እኛም በክፍላችን ውስጥ ማብሪያና ማጥፊያ ነኪ ሆነን ቀረን የሚል።

የፕላዝማን ሐሳብ ያመነጩት ሰዎች ክፉ አስበው አልነበረም። የሠለጠነ መምህር እጥረት ነበር፤ በአዲስ አበባና በጠረፍ መካከል ያለውን ልዩነት ማጥበብ ያስፈልግ ነበር። ስሕተቱ የመምህሩን ድካም በመርዳት ፈንታ መምህሩን መተካት እንደ መፍትሔ መያዙ ነው። ከአባ ተስፋ ጽዮን ዘመን ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ተገልብጧል። ያኔ መሣሪያው ከመምህሩ ርቆ ነበር፤ አሁን መሣሪያው ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መምህሩን ከሥራው አራቀው።

፫. ከብራና ወደ ማይክሮፊልም

በዚህ ሁሉ ጊዜ የኢትዮጵያ ታሪክ ዋና ምንጭ የሆኑት የብራና መጻሕፍት በክፍል ውስጥ አልታዩም። የሚታየው ከእነርሱ የተቀዳው መደምደሚያ ብቻ ነበር። ተማሪው «በ1270 ይኩኖ አምላክ ነገሠ» የሚለውን ያጠናል፤ ይህ በምን ታወቀ ብሎ ለመጠየቅ ግን የሚያየው ነገር የለም።

ምንጩን ለማዳን የተደረገው ትልቁ ሥራ የተጀመረው በአብዮቱ ዋዜማ፣ በ1973 ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ ቴነሲ የሚገኘው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚነሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤት ተባብረው በየአድባራቱና በየገዳማቱ ያሉትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ሥራው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተጀምሮ፣ በደርግ ዘመን በጦርነትና በረኃብ መካከል ቀጥሎ፣ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዘለቀ። በዚህ መልክ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ።

ፊልም ማንሣት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ምን እንደያዘ ያልታወቀ ፊልም ካልተገለጠ መጽሐፍ አይሻልም። ይህን ሁለተኛ ግማሽ በዋናነት የተሸከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1931 በሸንኮራ የተወለዱት፣ በካይሮና በጀርመን ቱቢንገን የተማሩት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት እኒህ ሊቅ በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው በመጡ ጊዜ በጥይት ተመትተው ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ በ1976 ኮሌጅቪል ደረሱ። ከዚያ በኋላ ዐሥርት ዓመታትን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ከሀገራቸው የመጣውን ፊልም አንድ በአንድ አነበቡ። ሥራውን ዊልያም ማኮምበር የጀመሩት ሲሆን፣ እስከ 1993 ድረስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሺህ መጻሕፍት የሚዘረዝር ዐሥር ቅጽ ካታሎግ ወጣ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2021 በስደት ሳሉ ዐረፉ።

እዚህ ላይ ከእኛ ጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። ካታሎጉ የተጻፈው ለምሁራን ነው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ግን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። የደቂቀ እስጢፋኖስን ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ በ2004 አሳተሙ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰደዱትን መነኮሳት ታሪክ ተራው አማርኛ አንባቢ በእጁ ያዘው። በብራናና በአንባቢ መካከል ያለው ድልድይ እንዲህ ያለ ሥራ ነው፤ ድልድዩን የሠራውም ካሜራው ሳይሆን ሊቁ ነው።

፬. ከማይክሮፊልም ወደ መረብ

ማይክሮፊልም መጽሐፉን አዳነው፤ ወደ ክፍል ግን አላመጣውም። ፊልሙን ለማንበብ ልዩ ማሽን ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ያለበት ቦታ መድረስም ያስፈልጋል። ይህን ያቃለለው ተከታታይ ለውጥ ነው።

የመጀመሪያው የፊደላችን ጉዳይ ነው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ እያንዳንዱ የአማርኛ የኮምፒዩተር ጽሑፍ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በስደት መጽሔት ያዘጋጀ ሰው ሁሉ ይህን መከራ ያውቀዋል። በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ ቍጥር አገኘ። አማርኛና ትግርኛ በመረብ ላይ መፈለግና መገኘት የቻሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ሁለተኛው የነጻ ትምህርት እንቅስቃሴ ነው። በ2001 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም የትምህርቶቹን ጽሑፎች በነጻ በመረብ ላይ እንደሚያወጣ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ዊኪፔዲያ ተመሠረተ። በ2002 ዩኔስኮ በፓሪስ በጠራው ጉባኤ «ክፍት የትምህርት ሀብቶች» የሚለው ስያሜ ጸደቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ማስተማሪያው በሕዝብ ገንዘብ ወይም በበጎ አድራጎት የተዘጋጀ ከሆነ፣ ማንም መምህር ሳይከፍል ይጠቀምበት፤ ቢፈልግም ለክፍሉ እንዲስማማ ያሻሽለው የሚል ነው።

ሦስተኛው የብራና መጻሕፍቱ ራሳቸው መውጣት ነው። የሂል ቤተ መጻሕፍት በ2010ዎቹ አጋማሽ የመረብ ንባብ ክፍሉን ከፍቶ የኢትዮጵያን ማይክሮፊልሞች በዲጂታል መልክ ማቅረብ ጀመረ። የሚጠበቀው በነጻ መመዝገብና የአጠቃቀሙን ደንብ መቀበል ነው። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው ከወሰዷቸው መጻሕፍት ወደ 350 የሚሆኑት በብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ2010ዎቹ መጨረሻ በመረብ ወጡ። በጀርመን የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲም ከ2016 ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በተባለው ሥራው የኢትዮጵያንና የኤርትራን ብራናዎች ዝርዝር መግለጫ ለሁሉ ክፍት አድርጓል።

፭. አንድ ብራና በክፍል ውስጥ

ይህ ሁሉ ለታሪክ መምህር ምን ይጠቅመዋል? በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በወሎ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል በማይክሮፊልሙ ስብስብ ውስጥ ቍጥር 1832 ነው። መጽሐፉ በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን፣ በይኩኖ አምላክ ዘመነ መንግሥት፣ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ማለት ነው። በውስጡ ከአራቱ ወንጌላት ሌላ ሥዕሎች አሉ፤ በባዶ ገጾቹም ላይ በተለያየ ጊዜ የገቡ ማስታወሻዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርና የአበምኔቶቹ ተራ ይገኙበታል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በ1970 ስለ ሐይቅ አበምኔቶች በጻፉት ጥናት የተመረኮዙት በዚሁ ዐይነት ምንጭ ላይ ነው።

አሁን መምህሩ ስለ 1270 ለውጥ ሊያስተምር ነው እንበል። መማሪያ መጽሐፉ ይኩኖ አምላክ በገዳማውያን ድጋፍ እንደ ነገሠ ይናገራል። ተማሪዎቹም አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን፣ ሌላው አቡነ ኢየሱስ ሞአን የዚህ ነገር አድራጊ ሲያደርግ ሰምተዋል። መምህሩ የወንጌሉን አንድ ገጽ በፕሮጀክተር፣ ያም ከሌለ አስፈቅዶ ባሳተመው ወረቀት፣ ያቀርባል። መጀመሪያ ምንም ሳያብራራ «ምን ታያላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ የወንጌሉ ጽሕፈት አንድ እጅ፣ የማስታወሻው ጽሕፈት ሌላ እጅ መሆኑን ራሳቸው ያያሉ። ቀጥሎ «የትኛው ይቀድማል? በምን አወቃችሁ?» ይላል። ማስታወሻ በባዶ ስፍራ የሚገባ በመሆኑ ከዋናው ጽሑፍ በኋላ መሆኑን ይደርሱበታል።

ሦስተኛው የዘመን ቈጠራ ነው። በጥንት ብራናዎች «ዓመተ ምሕረት» የሚባለው ዛሬ በጋዜጣ ላይ እንደምናየው ያለ ማቋረጥ የሚቈጠር አይደለም። በ532 ዓመት ተፈጽሞ እንደገና ከአንድ የሚጀምር ዐቢይ ቀመር ነው፤ እርሱም የ19 ዓመት የጨረቃ ዑደትና የ28 ዓመት የፀሐይ ዑደት ሲባዙ የሚገኝ ነው። የሒሳብ መምህሩ ተጋብዞ ይህን ቢያስረዳ ተማሪው በአንድ ቀን ታሪክንም፣ ሒሳብንም፣ የአያቶቹን ባሕረ ሐሳብም ይማራል።

አራተኛውና ዋናው ጥያቄ «ይህ መጽሐፍ ስለ 1270 ምን ይላል? ምንስ አይልም?» የሚለው ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞአና አቡነ ተክለ ሃይማኖት ለመንግሥቱ መመለስ ያደረጉትን በሰፊው የሚተርኩት ገድላት የተጻፉት ቈየት ብለው ነው። በአበው የሕይወት ዘመን የተጻፈ ምንጭና ከእነርሱ በኋላ የተጻፈ ገድል ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ተማሪው ገድሉን እንዲንቅ አይነገረውም። ገድሉ ስለሚተርከው ዘመን ብቻ ሳይሆን ስለ ተጻፈበት ዘመንም ምስክር መሆኑን ይረዳል። እዚህ ላይ ነው የመጽሐፍ ቤቱ «አንድም» የሚመለሰው። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው፤ ለእያንዳንዱ ማስረጃው ምንድን ነው? ዘመናዊው የምንጭ ምርመራ ከምዕራብ የተቀዳ እንግዳ ነገር መስሎ የሚታያቸው ሰዎች፣ ሥርዓቱን በየኔታ ደጅ ሊያገኙት ይችላሉ።

ግዕዝ የማያነብ መምህር ይህን እንዴት ያደርጋል የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ በአብዛኛው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ነው። በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ከተሞች ብራና የሚያነብ መሪጌታ በአካባቢው አይታጣም። ከ1908 ወዲህ ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ትምህርት ቤቶች፣ አንድ ብራና በግድግዳ ላይ ሲበራ፣ በአንድ ክፍል ሊገናኙ ይችላሉ።

የግዕዝ ብራና ብቻውን የኢትዮጵያን ታሪክ እንደማይሞላም ማስታወስ ይገባል። የሐረር፣ የወሎና የጅማ ሊቃውንት በዐረብኛና በዐረብ ፊደል በሀገር ቋንቋ የጻፏቸው መጻሕፍት አሉ፤ እነዚህም ጥቂት በጥቂት በፎቶግራፍ እየተነሡ ነው። ታሪካቸውን በቃል ያቆዩ ሕዝቦችም አሉ። ለእነዚህ መምህሩ የተማሪዎቹን ስልክ መቅረጫ አድርጎ፣ ሽማግሌዎችን አስፈቅዶ፣ ምንጩን ራሱ ከክፍሉ ጋር ሊሰበስብ ይችላል። በ2019 እና በ2020 ለዩኒቨርሲቲዎች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ማስተማሪያ ምን ያህል ክርክር እንዳስነሣ እናውቃለን። ክርክሩ ከባድ የሆነው ተከራካሪው ሁሉ መደምደሚያን ከመደምደሚያ ጋር ስላጋጨ ነው። ምንጭ ማየት የለመደ ትውልድ ባይስማማ እንኳ በምን እንደማይስማማ ያውቃል።

፮. በነጻ የተገኘው ነገር ዋጋ

እስካሁን የተባለው መልካሙ ገጽታ ነው። አስቸጋሪውን ሳይናገሩ ማለፍ ግን የፕላዝማን ስሕተት መድገም ይሆናል።

አንደኛ፣ መጽሐፉ በነጻ ቢሰጥም መንገዱ በነጻ አይገኝም። የመብራትና የመስመር ችግር አለ። ከዚህም በላይ መስመሩ በመንግሥት ትእዛዝ ሊዘጋ ይችላል። በትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል፣ በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 በኋላ ለረዥም ጊዜ የኢንተርኔት አገልግሎት መቋረጡ የሚታወስ ነው። ትምህርቱን በሙሉ በመረብ ላይ የሰቀለ መምህር እንዲህ ባለ ቀን ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ከመረብ ውጭ የሚሠሩ ዘዴዎች ቀዳሚ ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል። ለምሳሌ ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በሙሉ በፍላሽ ወይም በስልክ ላይ አስቀምጦ ያለ መስመር ያስነብባል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ሌላ ነው። ብሪቲሽ ላይብረሪ በጥቅምት 2023 በመረብ ጥቃት በተመታ ጊዜ በዲጂታል ያቀረባቸው ብራናዎች ለረዥም ጊዜ ከእይታ ተሰወሩ። ከመቅደላ በኃይል የተወሰደው መጽሐፍ፣ ምስሉን እንኳ ማየት በለንደን ባለ አንድ ማሽን ጤና ላይ የተንጠለጠለ ሆነ። ምስል መክፈት መልካም ነገር ነው፤ የመጽሐፉን መመለስ ጥያቄ ግን አይዘጋውም። ምስሉ ቀርቧልና መጽሐፉ ለምን ያስፈልጋችኋል የሚለውን ክርክር መምህሩም ተማሪውም መመርመር አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ምስል መጽሐፍ አይደለም። አብዛኛው ማይክሮፊልም ጥቁርና ነጭ በመሆኑ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ አይለይም፤ የሥዕሉ ኅብር አይታይም፤ የብራናው ጠረንና ክብደት አይታወቅም። በቅርቡ የትግራይ ጦርነት ብራናዎች እንደተዘረፉና ለሽያጭ እንደቀረቡ መዘገቡ ደግሞ ምስል ኖረ ተብሎ ጥበቃው ሊላላ እንደማይገባ ያስተምራል።

አራተኛ፣ የቋንቋው ጉዳይ አለ። መግለጫው፣ መፈለጊያው፣ የአጠቃቀም ደንቡ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከስድስት ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው ወደ ዐሥራ አምስት ሺህ ገደማ ነው። በሮማ የአባ ተስፋ ጽዮን አታሚዎች ግዕዝ አያነቡም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የመረቡ በር ለአማርኛ ተናጋሪው መምህር በባዕድ ቋንቋ ተጽፎበታል። ከአራት መቶ ሰባ ዓመት በኋላም በመሣሪያውና በአንባቢው መካከል ያለው ክፍተት አልተሞላም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። ማተሚያም፣ ሬዲዮም፣ ፕላዝማም፣ መረብም በራሳቸው አላስተማሩም። መማሪያ መጽሐፍ የጠቀመው መምህሩ ስለ ገለጠው ነው፤ ፕላዝማ የሳተው መምህሩ ሊያቆመው ስላልቻለ ነው። በነጻ የተከፈተው የብራና ቤተ መጻሕፍት ከፕላዝማ የሚለየው ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይመረጣል፤ ለመምህሩ ይታዘዛል። ለመታዘዝ ግን ሊያዝዘው የሚችል መምህር ይሻል።

ለዚህ ደግሞ በስደት ያለነው ልናበረክተው የምንችለው ነገር አለ። በእጃችን ያለው መስመር አይቋረጥም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ቅርባችን ነው፤ የካታሎጉን እንግሊዝኛ እናነባለን። ከእኛ አንድ ሰው አንድ ብራና መርጦ፣ ከእርሱም አንድ ገጽ መርጦ፣ ንባቡን፣ ትርጕሙን፣ ዘመኑንና ለክፍል የሚሆኑ አምስት ጥያቄዎችን በሁለት ገጽ አማርኛ ቢጽፍ፣ የምስሉንም ባለቤት አስፈቅዶ በወረቀትም በፍላሽም ሊላክ በሚችል መልክ ቢያዘጋጅ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። አርባ ሰዎች ቢያደርጉት የአንድ ዓመት ትምህርት ይሆናል። ሥራው በሀገር ቤት ካሉ መምህራን ጋር በመመካከር መሆን አለበት፤ የክፍሉን ልክ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ከውጭ ተዘጋጅቶ የሚወርድ ትምህርት ምን እንደሚሆን ፕላዝማ አሳይቶናል።

ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ ሀገራቸው ሳይመለሱ አለፉ፤ ያነበቡት ፊልም ግን ዛሬ ወደ ሐይቅ፣ ወደ ጎንደርና ወደ አክሱም ሊመለስ የሚችልበት መንገድ ተከፍቷል። በዚያ መንገድ አማርኛውን ማስቀደም የእኛ ድርሻ ነው።